በሞቴ

የወረዳው የኮምፒውተር ሞዴል ልጆች የሚወፍሩበትን ምክንያት ለከተማው፣ ለሰፈሩ፣ ለትምህርት ቤቱና ለቤቱ እያካፈለ ያሰላል፤ ጥፋተኛ ያለው ነገር ወዲያው ይታገዳል። ከሰፈራችን የሱቁን ብስኩት ሲያግድ ደስ ብሎን ነበር። ከእኛ ቤት ግን ያገደው አንዲት ቃል ነው፤ «በሞቴ»።

ቃሏ ማዕድ ላይ ከተሰማች ወረዳው ግድግዳችን ላይ የሰቀለው ሰሚ መብራት ይቀላል። ከቀላ ልጄ ሶልያና ወደ ወረዳው የልጆች ማደሪያ ትዛወራለች። ለእሷ አልነገርናትም። እናትሽ በመውደድ አወፈረችሽ ተብሎ ለልጅ ይነገራል?

ዛሬ ገና ከትኩሳት መነሳቷ ነው። ሽሮው ፊቷ ቀዘቀዘ።

«ትንሽ ቅመሺ» አልኳት።

«አልፈልግም እማ።»

ቃሏ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች። ባሌ ደምሰው ዓይኑን ከመብራቱ ሳይነቅል በእግሩ እግሬን ነካኝ።

«እባክሽ» አልኩ። «እባክሽ» ለባዳ የሚባል ነው፤ ለልጄ ስለው አፌ ላይ ጎመዘዘኝ።

ሶልያና ትክ ብላ አየችኝ። ከታመመች ወዲህ እኔም እህል በቅጡ አልቀመስኩም። በትንንሽ ጣቶቿ እንጀራ ቆረሰች፣ ሽሮ አጠቀሰችና ጠቀለለችው። ልትጎርስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እጇን ወደ እኔ አፍ ዘረጋች።

ደምሰው ቀድሞኝ ገባው። «ሶሊ፣ ቆይ...» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ።

«አንቺም እኮ አልበላሽም» አለችኝ። «ይቺን ብቻ፣ በሞቴ።»

አፌን ከፈትኩላት። ጉርሻው ሳይወርድልኝ ግድግዳው ቀላ።