የባርኔጣዋ መርፌ

የፔንሲልቫኒያዋ የከሰል ከተማ የቅርጫት ኳስ ኮከብ ካዚስ፣ ባላጋራውን በትከሻው እየገፋ እንደዚያ ዘመን ደንብ ሜዳውን ከከበበው የሽቦ አጥር ጋር አጣበቀው፤ እንዳያመልጠውም በግራና በቀኙ ሽቦውን በጣቶቹ ጨምድዶ ያዘ። አምና የካዚስን ፊት በዚሁ ሽቦ ላይ ፈግፍጎ የጉንጩን ጠባሳ ያተረፈለት ይሄው ሰውዬ ነው። ከአጥሩ ውጭ የከሰል ቆፋሪዎቹ ሚስቶች ተደርድረዋል፤ እንግዳ ተጫዋች በቀረባቸው ቁጥር ባርኔጣቸውን ከፀጉራቸው ጋር የሚያያይዙበትን ረጅም መርፌ መዘው በሽቦው ቀዳዳ መውጋት ልማዳቸው ነበር። የካዚስ ሚስት ኦናም ባርኔጣዋን እስከ ግራ ዓይኗ ደፍታ፣ ልክ እሱ ባዘዛት ቦታ ቆማለች።

«ይኸው አመጣሁልሽ! በይ ውጊልኝ!» አላት እያለከለከ።

«በይ እንጂ አንቺ ኦና! ቂጡን ወጋ አርጊልን!» ጮኹ ሴቶቹ።

ኦና መርፌዋን ቀስ ብላ መዘዘች። ባርኔጣዋ ወደ ኋላ ሲንሸራተት፣ ካዚስ ትናንት ማታ በቡጢ ያበለዘው ዓይኗ ተገለጠ። ባላጋራው ዓይኑን ጨፈነ። መርፌው ግን እሱን አልነካውም፤ ሽቦውን ጨምድዶ በያዘው የባሏ እጅ ላይ ተሰካ።

«የአንተ ቂም ዓመት ፈጀ» አለችው ኦና፣ መርፌውን ሳትነቅል። «የእኔ አንድ ሌሊት በቃው።»