አስም የለብኝም

እንደ አገሯ ሰው ሁሉ «አዎ» ለማለት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ይበቃታል። ጀርመን ስትማር ግን ይህቺ ትንፋሽ መከራዋን አሳየቻት። መምህሩ «ገባሽ?» ሲላት ሳብ ታደርጋለች፤ መምህሩ ክው ይላል፣ ከጎኗ ያለው ተማሪ ውሃ ያቀብላታል። «አስም የለብኝም» ማለት ሲታክታት፣ እንደ ሕፃን አፏን ሞልታ «አዎ» ማለትን ተለማመደች።

ዘንድሮ ሰሜን ስዊድን ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች። የጀርመኑ ትምህርቷ ካልተያዘላት ከአንደኛ ዓመት እንደገና ልትጀምር ነው። መዝጋቢዋ ሴትዮ ወረቀቷን አገላብጠው አገላብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይያዝልኛል?» አለች።

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩአትና ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።

ልጅቷ ደንግጣ ከቦርሳዋ ውሃ አወጣችና አቀበለቻቸው።

«አስም የለብኝም» አሉ ሴትዮዋ እየሳቁ። «እኛ ሰሜኖቹ ‹አዎ› የምንለው እንዲህ ነው። ሁሉም ተይዞልሻል። ታዲያ ከነገ ጀምሮ ትምህርት ትገቢያለሽ?»

ልጅቷ ትንፋሿን እስከ ሆዷ ድረስ ሳብ አደረገች።

ሴትዮዋ ውሃውን መለሱላትና «በይ እንኳን ደህና መጣሽ» አሏት።