መሃሉን ተወው

ሰኔ ገብቶ መሬቱ ሲርስ፣ እልፍነሽ ጋቢዋን ተከናንባ በረንዳው ላይ ተቀመጠችና ባሏን ታዘው ጀመር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤቷ ሆና ትረፍ» ብሎ የሸኛቸው በዚያው ሰሞን ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ ለብቻው ጠርቶ የነገረው ለባልየው ነው፤ እሱም በሆዱ ይዞት ዶማውን አነሳ። ሌላ ሊያደርግላት የሚችለው ነገር አልነበረም።

«ጽጌረዳው አጥሩን ይዞ ይሂድ። ፓፓያው ጥግ ላይ፣ ጎመንና ቆስጣው ከማድ ቤቱ ጀርባ።»

«መሃሉስ? ድንች ልትከልበት?»

«መሃሉን ተወው።»

«እንዴ! ይህን የመሰለ መሬት ጦሙን ይደር? ልትጨፍሪበት ነው?»

«አዎ፣ ልጨፍርበት ነው። አንተን ምን ቸገረህ?» አለችና ሳል እስኪያፍናት ሳቀች።

በማግስቱ እንቅልፍ ሲወስዳት ጠብቆ መሃሉ ላይ የብርቱካን ችግኝ ተከለ። ስትነቃ አየችውና «አንተ ሰውዬ፣ አሁኑኑ ንቀልልኝ!» ብላ ጮኸችበት። እየሳቀ ነቀለው። እንዲህ የምትቆጣ ሴት የትም አትሄድብኝም ብሎ ልቡ ትንሽ ተጽናና።

ነሐሴ ላይ ጎመኑ አምሮ፣ ጽጌረዳው እንቡጥ ይዞ ነበር። የእድሩ ሰዎች ብረቱንና ሸራውን ተሸክመው በጠዋት ገቡ። ሊቀመንበሩ አጠገቡ ቆሙና «እግዜር ያጥናህ ልጄ። አትክልቱን እንዳንረግጥባችሁ፣ ድንኳኑን የት እንትከለው?» ሲሉ ጠየቁት።

ሰዎቹ ግቢውን ዙሪያውን ቃኙና ራሳቸው መሃሉ ላይ ተከሉት። ልክ ገባ። አንዲት ጎመን እንኳ አልተረገጠችም።