እንግዳ የተከለከለበት ቤት

የላሜራ ቤት ገዝቼ፣ ማስረሻ ከሚባል ሰውዬ በተከራየሁት መሬት ላይ አቆምሁ። እንግዳ ማስገባት በውላችን ከልክሎኝ ነበርና እህቴ ልትጠይቀኝ ብትመጣ፣ "እማማ፣ ውል አፍርሰዋል! ቤቱን እስከ ማታ ከመሬቴ ካላነሡት የኔ ነው" አለኝ።

ፊደል አልቆጠርሁም እንጂ ሰው አላጣሁም። ስሞት ሊሸከሙኝ ቃል የገቡትን እድርተኞቼን በቁሜ ጠራኋቸው። ቤቱን የሚሸከሙበት አጣና ይዘው ሲመጡ ማስረሻ ሮጦ ገባና አልጋዬ ላይ ጉብ አለ።

"እስቲ ሰው የተቀመጠበትን ቤት ማን እንደሚያነሣ አያለሁ!"

"አባትህንም ተሸክመናል፤ እሳቸው ይከብዱ ነበር" አለ የእድሩ ዳኛ።

ቤቱን ከነማስረሻ አነሡና እየጨፈሩ መንገዱን ተሻግረው እህቴ ጓሮ አሳረፉት። በሩን ከፈትሁለት።

"የት ነው ያመጣችሁኝ?"

"እህቴ ግቢ። እዚህ እንግዳ አይከለከልም፤ ቁጭ በልና ምሳህን ብላ።"