የዘከሪያ አዲስ ቋንቋ

የዘከሪያ ልጅ ሂክማ መስማት የተሳናት ናት። ትምህርት ቤት በእጇ ማውራት ከለመደች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚረዳት አልነበረም። ስለዚህ አባቷ የምልክት ቋንቋ ሊያስጭን ድሬዳዋ ወዳለው ክሊኒክ ሄደ። በዚያ ዘመን ትምህርት በቀጥታ አእምሮ ውስጥ ይጫናል፤ ሆኖም አንድ ቋንቋ እንዲገባ ሌላው መውጣት አለበት።

«የትኛው ይውጣ?» አለችው ባለሙያዋ።

ዘከሪያ ባቡር ነጂ ነው፤ ያለ አማርኛ ሥራ የለውም። የቀረው ከሚስቱ ከረምላ ጋር የሚያወራበት ሐረሪ ነበር። አስቀድሞ ሲያማክራት «ልጄ ብቻ የሚያናግራት ታግኝ» ብላዋለች።

«ሐረሪው ይውጣ» አለ።

እራት ላይ ሂክማ ስለ ጎረቤት ድመት በእጇ ነገረችው። በእጁ መለሰላት። ልጅቷ ምግቧን ትታ እየተንከተከተች ስታወራው አመሸች።

ረምላ ጭልፋ እንደያዘች ቆማ አየቻቸው። ከዚያ በሐረሪ ብዙ ተናገረች፤ መጨረሻው ላይ ድምጿ ተቆራረጠ።

ዘከሪያ ዞር አለ። «ምን አልሽ?»

«ሩዙ ቀዘቀዘ» አለችው በአማርኛ።

«ያ ሁሉ ስለ ሩዝ ነው?»

«አዎ፣ ስለ ሩዝ ነው። ብላ።»