የግራው ጉድጓድ

ጎልፍ መጫወቱን ትቶ የጎልፍ ሜዳ መንደፍ ከያዘ ወዲህ፣ በሠራው ሜዳ ሁሉ በስተግራ ኳስ የሚያጠምድ አንድ ጥልቅ የአሸዋ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ድሮ ዋንጫውን በየዓመቱ ይነጥቀው የነበረው የመርዕድ ኳስ የምታርፈው ልክ እዚያ ነበር። መርዕድ ግን አንዱንም ሜዳ ረግጦ አያውቅም። ነዳፊውም መጠበቁ ታከተው።

ዛሬ፣ የመጨረሻ ሜዳው ሲመረቅ፣ መርዕድ ከዘራውን ተደግፎ መጣ። ከዘራውን ሣሩ ላይ ጣል አደረገና የጎልፍ ዱላ ተቀብሎ ኳስ መታ። ኳሷ ጉድጓዱ ጋ ሳትደርስ መንገድ ላይ ቆመች።

«አረጀን እኮ፣ ወንድሜ!» ብሎ ሳቀ መርዕድ።

እሱ አልሳቀም። «ቅዳሜም ትመጣለህ?» አለው።

«ምን ሥራ አለኝ? እመጣለሁ።»

ነዳፊው ወደ ፎርማኑ ዞረ።

«እስከ ቅዳሜ ጉድጓዱን ወደዚህ አቅርቡልኝ።»