የኢሲሜሊ ጓንት

አፓኩኪ ሞቶ የተገኘው ማለዳ ላይ፣ በሚሠራበት እርሻ በፓፓያ ዛፎች መካከል ነው። አንገቱን ሦስት ጊዜ በገጀራ ተመትቷል፤ ሁለቱ እንኳ ይበቃው ነበር።

በሲጋቶካ ሸለቆ ከሚስቱ ከኡናይሲ በቀር ያለቀሰለት የለም። እሷም ያበጠ ዓይኗን በፀጉሯ ጋርዳ ነበር። ዓይኗ ሲያብጥ የመጀመሪያው አልነበረም፤ መንደሩ የባልና ሚስት ነገር ነው ብሎ ማየት ከተወ ቆይቷል።

ሰው ሁሉ የጠረጠረው የእርሻውን አለቃ ኢሲሜሊን ነው። በዋዜማው ኢሲሜሊ አፓኩኪን የፓፓያ ወተት ላይ ውሃ ሲጨምር ያዘውና በቡጢ ከንፈሩን ሰነጠቀው። "ሁለተኛ ባይህ አንገትህን ነው የምልህ" ብሎም ዛተበት፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

ወተቱን የሚያወጡት ሴቶቹ ናቸው። ጥሬውን ፍሬ በምላጭ ይጭሩታል፤ ተንጠባጥቦ ሲረጋ በባዶ ጣታቸው ይጠርጉታል። ፋብሪካው ጠንካራ ሥጋ የሚያለሰልስ ኢንዛይም ያወጣበታል። ኡናይሲ አሥራ ሁለት ዓመት ጠርጋለች። አንዴ ጓንት ብትጠይቅ ኢሲሜሊ፣ "እጅሽን ለማን ልታሳዪው ነው?" ብሎ አሳቀባት። በእርሻው ጓንት የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ሳጅን ሳሚሶኒ ገጀራውን ከሣር ውስጥ አገኘው። ነጩ እጀታ ላይ ደም የነካ ጣት ታትሟል። በአጉሊ መነጽር ቢያየው ድፍን ነው፤ አንድም መስመር የለውም።

"የጓንት ነው" አለ።

ኢሲሜሊ ካቴና ሲገባለት አንገቱን አልደፋም። "ሳጅን፣ በተቆጣሁ ቁጥር ገጀራ የማነሣ ብሆን ይህ እርሻ ሰው ይተርፈው ነበር?"

"ጓንትህን የወሰደብህ ሰው አለ?"

"የለም። ከኪሴ አይወጣም።"

እውነቱን ነበር። ያሳዝናል፤ ዕድሜ ልክ የሚያስፈርድበትም ይኸው እውነት ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ኡናይሲ ቃሏን ልትሰጥ ጣቢያ መጣች። ሳጅኑ አዝኖላት ሻይ ቢያቀርብላት ኩባያው ከጣቶቿ አሟልጮ ወድቆ ተሰበረ።

"አይዞሽ እህቴ፣ ሐዘን ጉልበት ያሳጣል" አላት።

ኢሲሜሊ ሲዝት መስማቷን ጽፎ አነበበላት። ፊደል አልቆጠረችምና በጣቷ እንድትፈርም አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ጫነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሦስቱም ድፍን ጥቁር ሆነው ወጡ፤ አንድም መስመር የላቸውም።

"ይሄ ቀለም ተበላሽቷል" አለና ሌላ ሊያመጣ ተነሣ።